ጅቢቱን የበላት ሰው

ትናንት ከምሳ በኋላ ለአፍታ ጋደም አልኩና አገር የሚያዞር ሕልም አየሁ።

ከተማችን እንዳለች ናት። አስፋልቱ፣ መናኸሪያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዝግባ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ግን በጠራራ ፀሐይ ጅቦች ነጠላቸውን አጣፍተው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ፤ ሰዎች ደግሞ ከገደሉ ሥር ከየዋሻው ብቅ እያሉ አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። አንዲት ጅብ ያዘለችውን ልጅ እያባበለች፣ "ዝም በል፣ ሰው መጣልህ" ስትለው ሰማሁ። ልጁም ዝም አለ።

በፖሊስ ጣቢያው በር ፖሊሶች ተሰልፈው ለእስረኞች ቃላቸውን ይሰጡ ነበር። በጤና ጣቢያው በሽተኞች ነጭ ጋውን ለብሰው ጤነኞቹን አልጋ ላይ አስተኝተዋል። አንዱ በሽተኛ አንድ ወፍራም ሰው ደረት ላይ ማዳመጫውን አድርጎ፣ "ምንም ሕመም የለብህም፤ ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?" ይላል። ወፍራሙ ሰውዬ ከልጅነቱ ጀምሮ መሆኑን ነገረውና በሽተኛው ራሱን ነቀነቀ። ከአጥሩ ውጭ ደብተራው በአንዲት የታመመች አሮጊት ፊት ተንበርክከው ክታብ ይለምናሉ።

እኔ ምንም አልገረመኝም። ጃንጥላዬን ዘርግቼ ወደ ገበያ ወረድኩ። የምገዛው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላስታውስም።

በገበያው በር አንዲት ሸክላ ሠሪ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ የገበያተኛውን እጅ ትፈትሻለች። ከአጠገቧ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው በተርታ ተቀምጠዋል። ባለ ርስቱ፣ ጸሐፊውና ዳኛው ከፊታቸው ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ተራዬ ሲደርስ እኔም እጄን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፤ በአውራ ጣቷም አሸችው።

"ለስላሳ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው?"

"መምህርት ነበርኩ። ባዮሎጂ አስተምር ነበር።"

"በእጅሽ ምን ትሠሪያለሽ ማለቴ ነው።"

"ጠመኔ እይዝ ነበር።"

ቀጥቃጩን ዘወር ብላ አየችው። እሱም ከንፈሩን መጠጠ።

"እስቲ ፍረዱ" አለች ሸክላ ሠሪዋ። "ምንም የማይሠራ እጅ፣ ሌላውን ካልበላ ምን በልቶ ይኖራል?"

መዳፌ ላይ በከሰል ምልክት አደረገችብኝ። አልተቀየምኳትም። ባሌ አንዳርጌ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ላገባው ስነሣ አክስቶቼ፣ እነዚህ ባለ እጆች ቡዳ ናቸው፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይወጣል ብለው አልቅሰዋል። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖርኩ። ሲመሽ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የሰው ሬዲዮ ፈቶ መግጠም ነበር። ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። በሕልሙ ውስጥ ስለዚህ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም።

ምልክት የተደረገብንን ሁሉ ወደ ዋርካው ላኩን። እዚያ የጅቦች ሸንጎ ተቀምጧል። ከግንዱ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ጅብ የሚበሉ ሰዎች በከተማችን ስለበዙ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲጠብቁ ይላል። መነጽር ያደረገ አንድ ሊቅ ጅብ ወፍራም መጽሐፍ ገልጦ የጅብ በላ ሰውን ምልክቶች ያስረዳል። በላሁ ያለ በላተኛ ነው፤ በአፉ ተናግሯልና። አልበላሁም ያለም በላተኛ ነው፤ በላተኛ መካድ ልማዱ ነውና። ዝም ያለው ከሁሉም የባሰ ነው፤ ቀጥሎ ማንን እንደሚበላ እያሰበ ነውና። ጅቦቹ እያጉተመተሙ አደነቁት።

ነገር ግን ሕጉ ምሕረት ነበረው። ያመነ ሰው ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ የካደ ሰው ፀሐይ ላይ ወደታጠረው በረት ይገባል። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ለማመን ተሰልፏል። ከፊቴ የቆሙት የድሮ ርእሰ መምህራችን አቶ ዋሴ ነበሩ። ኮታቸው እንደ ወትሮው ተተኩሷል፤ ኑዛዜያቸውን በወረቀት ጽፈው በቃላቸው ያጠናሉ። ጠጋ ብለው፣ ሦስት ጅብ በላሁ ብል ይበቃል ወይስ አራት ልበል ሲሉ አማከሩኝ። ሁለት ቢሉ ይሻላል፣ ከበዛ ዝርዝር ይጠይቁዎታል አልኳቸው። አመሰገኑኝ። ሸንጎው ፊት ሲደርሱ ግን አላስቻላቸውም፤ ዘጠኝ አሉ። ጅቦቹ አጨበጨቡላቸውና ከእሳቸው ጋር ማን ማን እንደበላ ጠየቋቸው። አቶ ዋሴም የመምህራን ስም መጥሪያውን ከነሥርዓቱ፣ በፊደል ተራ፣ አንድ ሳያስቀሩ አወረዱት። የእኔ ስም ከመጨረሻዎቹ ስለሆነ ቆሜ ብዙ ጠበቅኩ።

"በልተሻል ወይስ አልበላሽም?" አለኝ ሊቁ።

"አላውቅም" አልኩት።

መጽሐፉን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠ። "አላውቅም" ለሚል ሰው የተጻፈ ነገር አላገኘም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና ፈለገ። ሸንጎው ሲያጉረመርም፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጅብ በዱላ ተደግፈው መጡ። አያ ጎፈር ይሏቸዋል። ሲያልፉ ሁሉም ተነሣላቸው።

"ይታክቱ የምትባይው አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"የአንዳርጌ ሚስት?"

"ነኝ" አልኩ። ነበርኩ ማለት ነበረብኝ።

"እንግዲያው ነይ ልጄ፣ ቤት እንሂድ። የአንቺ ጉዳይ እኔ ዘንድ ነው።"

መንገድ ላይ ነገሩን አጫወቱኝ። ልጃቸው ቡሬ ሐሙስን ደህና ውላ፣ ዓርብ ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። እናቷ ደነገጠች፤ ግን ልጅነት ነው ብላ ተወችው። ቅዳሜ የተኛችበትን አጥፋ አስቀመጠች። እሑድ አጥንት ቢያቀርቡላት ይቅርታ ጠይቃ ወደ ጎን አደረገችውና ሽሮ እንዳለ ጠየቀች። አያ ጎፈር እስከዚህ ድረስ ረጋ ብለው ነገሩኝ። የሰኞውን ሲያነሡ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። ከመንገድ ዳር በቅሎ ሞቶ የመንደሩ ጅብ ሁሉ ሲረባረብ፣ የእሳቸው ልጅ ከኋላ ቆማ ነበር።

"ተራ ጠበቀች" አሉኝ። "ጅብ ሆና፣ አገር እያየ፣ ተራ ጠበቀች።"

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሰላም አጥቷል። ሲስቁ ያልሳቀ ጅብ ተጠረጠረ። አንዱ የአጥንት ፍርፋሪ ስላስተረፈ ጎረቤቱ ጠቆመበትና ታሠረ። አንዷ ስታዛጋ አፏን በእግሯ ስለከደነች እናትዋ ሳይቀሩ መሰከሩባት። እስከ ዛሬ ሰባት ጅቦች በረት ገብተዋል። የቀሩት እናቶች ልጆቻቸውን ገና በማለዳ እየኮረኮሩ ያስቋቸዋል፤ ጎረቤት እንዲሰማ።

ቡሬንም እንደ ደንቡ አጤሷት። እኛ ጤና አዳም ወይም የፌጦ ጢስ እንደምናደርገው፣ እነሱ የልብስ ሳሙና ፍም ላይ ጣሉና አሸተቷት። ማነህ፣ ከወዴት መጣህ፣ ለምን ገባህባት ብለው ጠየቁ። በልጅቷ አፍ የመለሰው ድምፅ አንዳርጌ ነኝ አለ። ምን ተሰጥቶህ ትለቃታለህ ቢሉት፣ ችግር ካልሆነ መስኮት ክፈቱልኝ አለ። ዋሻ ነውና መስኮት ከየት ይምጣ።

ደንቡን አያ ጎፈር ቁልጭ አድርገው ነገሩኝ። የበላው ሰው ራሱ መጥቶ እትፍ ካላለባት አይለቃትም። የበላው የሞተ እንደሆነ የቤቱ ሰው በእሱ ፈንታ ይተፋል። ያን ጊዜ የሞተው ይወጣል፤ ሁለተኛም በማንም አፍ አይናገርም። እስከዚያው ግን ልጅቷ ምንም አትበላም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተሻላት ደግሞ መንደሩ፣ ሰው ቤታችን ከሚገባ እሷ ትቅር ብሎ፣ ገደል ሊሰዳት ተማምሏል።

ቤታቸው ደረስን። ዋሻ ነው፤ መጋረጃው ግን የእኔ ነው። 

ቡሬ ጥግ ላይ ተጋድማለች። ዕድሜዋ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሰባት ቢሆን ነው። ጎኗ እንደ መሰላል ወጥቷል። እናትዋ ራስጌዋ ተቀምጣ ዝንብ ታባርርላታለች። ዙሪያውን የጎረቤት ጅቦች በጨዋ ደንብ ተቀምጠዋል። ቡሬ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች። አንዳርጌ ሊናገር ሲል ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ።

"መጣሽ?" አለኝ።

"መጣሁ።"

"ጣሪያው ያፈሳል?"

"አሁን አያፈስም።"

"ማን ሠራው?"

"እኔ። መሰላል ተውሼ።"

"ምስማሩን የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው የመታሽው ወይስ ጎድጓዳው ላይ?"

"ጉብታው ላይ።"

"ጎበዝ" አለና ሳቀ። ሳቁ በቡሬ ጉሮሮ የጅብ ሳቅ ሆኖ ወጣ። እናትዋ ልጄ ተመለሰችልኝ ብላ ብድግ አለች። ወዲያው ቡሬ ስለረበሽኳችሁ ይቅርታ ስትል፣ እናትዮዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከዚያ ብዙ ተጨዋወትን። ስለ ሬዲዮዎቹ ጠየቀኝ፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ እንደተካፈሏቸው ነገርኩት፤ አንዱን ብቻ እንዳስቀረሁ አልነገርኩትም። የጓሮው ኮክ አፈራ ወይ አለ። አፍርቶ ወፍ እንደጨረሰው ነገርኩት። ወፍም ይብላ እንጂ አለ። ስለ እንቅልፌ ጠየቀኝ፤ ደህና ነው አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። አንድ ተራ ከሰዓት በኋላ ቤታችን የተቀመጥን ይመስል ነበር፤ ጅቦቹም ባልና ሚስት ሲያወሩ የሚታይ ነገር ስላልሆነ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩን።

ጥቂት ቆይቼ ለአያ ጎፈር አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ሽሮ በየቀኑ ሠርቼ እኔው አመጣላታለሁ፤ ልጅቷም ሳትራብ፣ እሱም ሳይወጣ፣ እንዲሁ ብንኖርስ አልኳቸው። አያ ጎፈር በትሕትና አሰቡበት። እናትዮዋ ግን የልጅዋን ጎን ትዳብስ ነበር። እኔም ተናግሬ ሳልጨርስ የማይሆን መሆኑን አውቄዋለሁ። የጅብ ሆድ በሽሮ አይኖርም። ይህን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ቡሬ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች።

"ልጅቷ ርቧታል፣ ይታክቱ" አለኝ። "አጥንቱን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ጥርሱ የእሷ ነው፣ አምሮቱ ግን የእኔ ሆነ። በእኔ ምክንያት የሰው ልጅ አይራብ። የጅብም ቢሆን።"

"ትንሽ ቆይ።"

"ትንሽ ቆይተናል እኮ።"

 ጃንጥላዬን አጠፍኩ፤ መልሼ ዘረጋሁት፤ ዋሻ ውስጥ ምን እንደሚያደርግልኝ እንጃ። እናትዮዋ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። ከፊቴ ቁጢጥ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እኅቴ፣ የምታጪውን ሰው አይቼዋለሁ" አለችኝ። "እነዚህን ሁሉ ቀናት በቤቴ ደህና እንግዳ ነበር። አስገድጄ አላስተፋሽም፤ በሩም ክፍት ነው። ብቻ ከመሄድሽ በፊት ልጄን አንድ ጊዜ እዪልኝ።"

አየኋት። የጎን አጥንቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ስትተነፍስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣ ደግሞ ይዘገያል። እንዲህ ያለ አተነፋፈስ ከዚህ በፊት ሌላ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ አይቼ ስለማውቅ ብዙ ማየት አላስፈለገኝም።

ጠጋ ብዬ ተንበረከክሁ። አፌ ደርቆ እምቢ አለኝ። አያ ጎፈር ውሃ አስመጡልኝ። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና ግንባሯ ላይ እትፍ አልኩ። ምራቄ ጥቂት ነበር፤ ግን በቃ።

 ጆሮዬን አቅንቼ ቆየሁ። ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው አልነበረም።

ቡሬ በጎኗ ተገላበጠች፤ አፍንጫዋን አነሣች፤ አየሩን አሸተተች። እናትዋ የበቅሎውን ጭን አጥንት በእግሯ ገፋ አደረገችላት። ልጅቷ እጇን ሳትታጠብ፣ ማንንም ሳታስቀድም፣ ከእናትዋ አፍ ስር መንትፋ ወሰደችው። "ተመስገን" አሉ አያ ጎፈር እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ይቅርታ እንኳ አልጠየቀችም።" ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ ሳቁ ከዋሻ ወደ ዋሻ ተሻገረ፤ ወደ በረቱም መልእክተኛ ላኩ፣ ሰባቱ ይፈቱ ተባለ። ቡሬ አጥንቱን በመንጋጋዋ ያዘችና ሰበረችው። ቀው አለ። ደግማ ሰበረችው። ቀው፣ ቀው፣ ቀው።

የውጭ በሬ እየተንኳኳ ነበር።

ነቃሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ጎረቤቴ ጥጊቱ ከሁለት ሴቶች ጋር ቆማለች። ሴቶቹ ከበሩ ራቅ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። ጥጊቱ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች።

"እትዬ ይታክቱ፣ አይቀየሙን" አለች መሬት መሬት እያየች። "ሰዋሰው ታማብኝ ነው። ጠዋት ብናጤሳት ለፈለፈች። የቀጥቃጩ ሚስት ነኝ አለች።"

ሰዋሰው የጥጊቱ ትንሿ ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ምን እንደሚሰማት ጠየቅኳት። እንደ እሳት ትነዳለች፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ውሃ እንኳ አይረጋላትም አለችኝ። ሐኪም ቤት ለምን አልወሰዳችኋትም አልኩ። አንደኛዋ ሴት ከሩቅ ሆና ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከተወጋ አይተርፍም ስትል መለሰችልኝ።

"እንዳናደክምዎ ብለን ነው" አለች ጥጊቱ ኩባያውን ክንዷን እስከቻለች ዘርግታ። "ቤት ድረስ መምጣትም አያስፈልግዎ። እዚሁ ይትፉልን።"

አርባ ዓመት ስለ ባክቴሪያ፣ ስለ ትንኝ፣ ስለ ወባ አስተምሬያለሁ። ያን ሁሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ጥጊቱን አየኋት፤ ኩባያውን እንደዘረጋች ናት። የሚሰሙኝ አንድ ነገር ብናገር ብቻ መሆኑ ገባኝ።

"እሺ፣ እኔ ነኝ የበላኋት" አልኩ።

ሁለቱ ሴቶች አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ።

"ባጃጅ ጥሩ" አልኳቸው። "ልጅቷን አውጥታችሁ አስቀምጧት፣ ያን ጊዜ እተፋለሁ። ከዚያ ወደየትም ሳትዞሩ ሐኪም ቤት። መርፌውን ፈቅጃለሁ። የበላት ከፈቀደ መርፌ ምን ያደርጋታል?"

እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ግን ስሕተት አላገኙበትም። ባጃጁ መጣ። ሰዋሰውን በጋቢ ጠቅልለው አስገቧት። ኩባያውን ከጥጊቱ ወስጄ ተፋሁበት።

ጥጊቱ ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትናችን ከእጄ የተቀበለችው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።